ትሪው ላይ የተንጣለለው ኩኪስ እና ሌሎች የጓዳ ጥያቄዎች

ሰላም ሰላም! ክረምት ሆኖ ልጆቹ ቤት ስለዋሉ መሰለኝ በዚህ ወር የደረሰኝ ጥያቄ አብዛኛው ስለ ቸኮሌት ቺፕ ኩኪስ ነው። የዶሮ ወጥ ጠያቂዎች ትንሽ ታገሱኝ፣ በሚቀጥለው እመለስበታለሁ። ተመሳሳይ የሆኑትን ደብዳቤዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ፣ ረጃጅሞቹን ደግሞ አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም እህታችን፣ የሳቢያን ልጅ ነኝ፣ የሁለት ልጆች እናት። ቪዲዮ አይቼ ኩኪስ ጋገርኩ፣ ሰውየው እንዳለው ነው ሁሉንም ያደረግኩት፣ ኦቨን ውስጥ ሲገባ ግን ሁሉም ተንጣሎ ተያይዞ አንድ ትልቅ ቂጣ ሆነልሽ። ዳር ዳሩ አሯል መሃሉ ጥሬ ነው። ልጆቼ እስካሁን ይስቁብኛል። ዱቄቱ ነው ወይስ እጄ?

መልስ፦ አቦ እጅሽን ተይው፣ ጥፋተኛዋ ድሬዳዋ ናት። ቅቤ 32 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል፣ በሰኔ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የኛ ከተማ ከ35 ያልፋል፣ እና ቪዲዮ ላይ ያለው ሰውዬ "ቅቤውን ውጭ አስቀምጣችሁ አለስልሱት" ሲል የሱ ኩሽና 20 ዲግሪ ነው፣ ያንቺ ኩሽና ሌላ ዓለም ነው። እሱ ጋ የለሰለሰው ቅቤ አንቺ ጋ ዘይት ሆኗል።

ለምን ይሄ ለውጥ ያመጣል ካልሽኝ፣ ቅቤና ስኳር አብረው ሲመቱ ስኳሩ ቅቤው ውስጥ ትንንሽ አየር ይከታል፣ ቅቤው ጠንከር ካለ ያን አየር ይይዘዋል፣ ከቀለጠ ግን የሚይዘው ነገር የለም። ሊጡ ኦቨን ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሩጫ ነው፣ እንቁላሉና ዱቄቱ ለመጠንከር ይሮጣሉ፣ ቅቤው ለመፍሰስ ይሮጣል፣ የቀዘቀዘ ቅቤ ወደ ኋላ ይቀራል፣ የቀለጠው ግን ገና ሳይጀመር አሸንፏል ማለት ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ማለዳ ወይ ማታ ጋግሪ፣ ቀትር ላይ አትሞክሪው። ቅቤውን ከፍሪጅ አውጥተሽ በትንንሹ ቆርጠሽ ትንሽ ደቂቃ ብቻ ተይው፣ በጣትሽ ስትጫኚው ጎድጎድ ይበል እንጂ ማብለጭለጭ የለበትም፣ ካብለጨለጨ ቀልጧል መልሺው። 115 ግራም ያህል ቅቤ ከ150 ግራም ስኳር ጋር ነጣ ነጣ እስኪል ምቺ፣ አንድ እንቁላልና ትንሽ ቫኒላ ጨምሪ፣ ከዛ 150 ግራም የፉርኖ ዱቄት ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር ቀላቅለሽ አስገቢ፣ ዱቄቱ ከገባ በኋላ እንደ ዳቦ ሊጥ እንዳታሺው፣ ዱቄቱ መታየት ሲያቆም በቃ ነው፣ ብዙ ከታሸ ይጠነክርና ጥርስ ይፈትናል። በመጨረሻ 150 ግራም ቸኮሌት።

አሁን ዋናው ነገር፣ ሊጡን ፍሪጅ አስገቢው። ትንሹ አንድ ሰዓት ነው፣ ቢያድር ግን ይበልጣል፣ ምክንያቱም ዱቄቱ እርጥበቱን በደንብ ይጠጣል፣ ጣዕሙም ይከብዳል። ሌላ ሰው የማይነግርሽ ነገር ልንገርሽ፣ የመጀመሪያው ዙር ወጥቶ ትሪው ትኩስ እያለ ሁለተኛውን ሊጥ እንዳትደረድሪበት፣ ኦቨን ሳይገባ ትሪው ላይ ይቀልጥብሻል፣ ከቧንቧ ስር አቀዝቅዢው ወይ ሁለተኛ ትሪ ያዢ። ኦቨኑ አስቀድሞ 180 ዲግሪ ይሙቅ፣ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ።

መቼ እንደሚወጣም ልብ በይ። ዳሩ ቡናማ ሆኖ መሃሉ ገና ጥሬ መስሎ ሲታይሽ፣ መሃሉ ላይ ያለው እርጥብ የሚያብረቀርቅ ነገር ከዳር ወደ ውስጥ እየደረቀ መጥቶ የ50 ሳንቲም ያህል ሲቀር አውጪው። "ኧረ አልበሰለም" ትያለሽ፣ አውቃለሁ፣ ግን ትሪው ላይ እያለ በራሱ ሙቀት ይጨርሳል። እስኪበስል ከጠበቅሽ ሲቀዘቅዝ ብስኩት ነው የሚሆነው።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ የቱ ቅቤ ብላችኋል። የገበታ ቅቤ ጥሩ ነው፣ ጨው ካለው የምትጨምሩትን ጨው ቀንሱ። ለጋ ቅቤም ይሆናል፣ ግን ውሃው በደንብ የወጣለት ይሁን፣ ሽታውም ያልበረታ። የተነጠረ የወጥ ቅቤ የተጠቀመች አንዲት እህት ጽፋልኛለች፣ ኮረሪማና ኮሰረት የሚሸት የቸኮሌት ኩኪስ በልታ እንደሆነ ከኔ በላይ እሷ ታውቃለች።

ጥያቄ፦ እኔ ሐረር ጀጎል ነኝ፣ የአክስቴ ልጅ ድሬ ናት፣ አንድ አይነት አሰራር ነው የምንጠቀመው፣ የሷ ጠፍጣፋ ሲወጣ የኔ መጀመሪያ ያብጥና ከዛ መሃሉ ዝቅ ይላል፣ ደግሞ ይደርቃል። ማን ነው የተሳሳተው?

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ በመሃላችሁ ያለው የደንገጎ ዳገት ነው! ድሬዳዋ ከባህር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ትጠጋለች። ከፍ ባልሽ ቁጥር የአየሩ ጫና ይቀንሳል፣ ሶዳው የሚፈጥረው ጋዝ ከልኩ በላይ ያብጣል፣ ሊጡ ሳይጠነክር ስለሚያብጥ መልሶ ይወድቃል። ውሃም ሐረር 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ስለዚህ እርጥበቱ ቶሎ ይተናል፣ ድርቀቱ ከዛ ነው። ሶዳውን ሩብ ያህል ቀንሺ፣ ስኳሩን አንድ የሾርባ ማንኪያ ቀንሺ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ወተት ጨምሪ። በተረፈ እድለኛ ነሽ፣ በሐረር ብርድ ቅቤው ይታዘዝሻል፣ የአክስትሽን ልጅ እዛ ጋብዢያት።

ጥያቄ፦ ቡናማ ስኳርና ቸኮሌት ቺፕስ የሚባሉት ነገሮች የት ነው የሚገኙት? ቢገኙም ዋጋቸው አይቀመስም። ከታይዋን ገበያ የገዛሁት ቸኮሌት ደግሞ ስከፍተው ነጭ ነገር አውጥቷል፣ ሻግቶ ነው? ልጣለው? (ከገንደ ቆሬ)

መልስ፦ እንዳትጥይው! በድሬ ሙቀት ሱቅ ውስጥ ቀልጦ፣ ማታ ደግሞ ጠንክሮ ነው። እንዲህ ሲመላለስ የካካዋው ቅባት ወደ ላይ ይወጣና ነጭ አቧራ የመሰለ ነገር ይሆናል። መልኩ ነው የተበላሸው፣ ለጤና ምንም የለውም፣ ሊጥ ውስጥ ገብቶ ሲቀልጥ ማንም አያውቅብሽም። ሻጋታ ከሆነ ጸጉር ጸጉር ይላል፣ ይሸታል፣ ያኔ ጣይው። ደግሞ ፍሪጅ የነበረ ቸኮሌት ስታወጪ ወዲያው አትክፈቺው፣ ላብ ያወጣና ስኳሩ ይሟሟል፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይረፍ።

ቺፕስ ፍለጋ አትንከራተቺ። ቺፕስ ቅርጹን እንዳይለቅ ተብሎ የካካዋ ቅባቱ ቀነስ ተደርጎ ነው የሚሰራው፣ የተቆራረጠ ቸኮሌት ግን እየቀለጠ ሊጡ ውስጥ ይተኛል፣ በኔ ምርጫ ይሄኛው ይበልጣል። ጠቆር ያለውን፣ ስኳሩ ያልበዛውን ቸኮሌት ገዝተሽ በቢላ አተር አተር እያሳከልሽ ክተፊው፣ ቢላው ላይ የቀረውን ብናኝ ጭምር አስገቢው፣ እሱ ነው ሊጡን ነብርማ የሚያደርገው። ምናልባት አይበቃኝም ካልሽ ግማሹን በባቢሌ ለውዝ ሙይው፣ ቆልተሽ ልጣጩን ገፈሽ። ይሄን ስል የድህነት መላ እንዳይመስልሽ፣ የመጀመሪያው አሰራር ላይም የተከተፈ ለውዝ ነገር ነበረበት።

ቡናማ ስኳር ማለት ሞላሰስ ያለው ስኳር ነው፣ ኩኪሱን እርጥብ የሚያደርገው እሱ ነው፣ ትንሽ አሲድ ስላለውም ሶዳውን ይቀሰቅሰዋል። ከሌለሽ ከነጩ ስኳር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቀንሰሽ በምትኩ አንድ ማንኪያ ማር አስገቢ። ወይ ደግሞ ተምር፣ ቀፊራ ገበያ ሞልቷል፣ ፍሬውን አውጥተሽ በትንሽ ፍል ውሃ ዘፍዝፈሽ አልመሽ ፍጪውና አንድ ሁለት ማንኪያ ጨምሪ። ማር ያለበት ቶሎ ስለሚቀላ አንድ ሁለት ደቂቃ ቀድመሽ እይው።

ጥያቄ፦ ጎረቤቶቻችን ሙስሊም ናቸው እኛ ደግሞ ጾመኞች ነን፣ ለሁላችንም የሚሆን መስራት ይቻላል? ልጆቹ አብረው ነው የሚውሉት።

መልስ፦ የድሬ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ይቻላል። ቅቤው ፋንታ 90 ግራም ያህል ዘይት፣ እንቁላሉ ፋንታ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ በጥብጠሽ ሙጫ እስኪመስል አስር ደቂቃ አስቀምጪው። ዘይት አየር ስለማይዝ ኩኪሱ ጠቅጠቅ ይላል፣ ትንሽ ቤኪንግ ፓውደር ጣል አድርጊበት። ቸኮሌቱ ላይ የተጻፈውን አንብቢ፣ ጥቁር ነው ተብሎ የወተት ዱቄት ያለበት አለ። ለጎረቤቶችሽ ደግሞ ቫኒላው ነው የሚታየው፣ ፈሳሹ ቫኒላ ብዙ ጊዜ በአልኮል ነው የሚሰራው፣ የዱቄቱን ግዢና ሁሉም ይገላገል። ሊጡን ልጆቹ እንዳይልሱ ብቻ ተጠንቀቂ፣ እንቁላል ባይኖረውም ጥሬ ዱቄት ራሱ ሆድ ያማል።

ጥያቄ፦ ኦቨን የለኝም፣ ቡታጋዝ ብቻ ነው ያለኝ። ተስፋ ልቁረጥ?

መልስ፦ እናቶቻችን ከላይ ከታች እሳት አድርገው ድፎ ይደፉ የለ እንዴ። ወፍራም ብረት ድስት ውሰድ፣ ስሩ ጨው ወይ ንጹህ አሸዋ አንጥፍ፣ ትንሽ ማስቀመጫ ብረት አድርግበት፣ ከድነህ በመካከለኛ እሳት አስር አስራ አምስት ደቂቃ አሙቅ። ሊጡን በቆርቆሮ ሳህን አድርገህ አስገባና እሳቱን ቀንስ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። ሙቀቱ ከታች ስለሆነ ስሩ ይቀላል ላዩ ይነጣል፣ ከሰል ካለህ ክዳኑ ላይ ፍም አድርግ። ክዳኑን አስሬ አትክፈት። ኦቨን ያላችሁ ደግሞ መብራት መሃል ላይ ቢጠፋባችሁ ሰባት ስምንት ደቂቃ ካለፈው በሩን ሳትከፍቱ ተዉት በቀረው ሙቀት ይደርሳል፣ ገና የገባ ከሆነ አውጥታችሁ ፍሪጅ መልሱትና መብራቱን ጠብቁ፣ ሌላ ምን ይደረጋል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ የሐረር ሰው ነኝ፣ እድሜዬም ገፍቷል። የልጅ ልጆቼ ሐልዋ ሳቀርብላቸው ፊታቸውን አዙረው ይሄን ኩኪስ የሚሉትን ይሻማሉ። አንዱን ቀምሼው ብስኩት ነው፣ ቸኮሌት ጣል ጣል ያለበት። አሜሪካ ያለችው ልጄ ደግሞ አንዲት ሴት በስህተት የፈጠረችው ነው ትለኛለች። በስህተት የተፈጠረ ነገር ሐልዋን እንዴት ይበልጣል? አስረጂኝ።

መልስ፦ አባቴ፣ መጀመሪያ ሐልዋን አልበለጠም፣ ይሄን ከመሃላ ጋር ነው የምነግርዎት። ግን የልጆቹም ነገር ምክንያት አለው።

ስህተት የሚለው ወሬ በጣም የታወቀ ነው፣ ግን ብዙም አያሳምንም። ሴትየዋ ሩት ዌክፊልድ ትባላለች፣ አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ዊትማን በምትባል ከተማ ከባሏ ጋር ቶል ሃውስ የሚባል ምግብ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ ነበራቸው። ወሬው ቸኮሌቱ ቀልጦ ሊጡን ያጠቁረዋል ብላ ቆርጣ ጨመረች፣ ሳይቀልጥ ቀረና ተገረመች ይላል። እንግዲህ ይህቺ ሴት የቤት አያያዝና የምግብ ትምህርት ተምራ እ.ኤ.አ. በ1924 የተመረቀች፣ የምግብ መጽሐፍ የጻፈች ባለሙያ ናት፣ ቸኮሌት ኦቨን ውስጥ ምን እንደሚሆን አታውቅም ማለት ይከብዳል። አስባ ሞክራ ነው የሰራችው። ሴት ጓዳ ውስጥ አስባ የሰራችውን ሁሉ "በድንገት ሆነላት" ማለት ከኛም አገር የማይጠፋ ልማድ ነው፣ ይሄን እንዲሁ በመንገዴ ልበል ብዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 አሰራሩ መጽሐፏ ላይ ወጣ፣ በዓመቱ የቸኮሌት ኩባንያው ኔስሌ አሰራሩን ቸኮሌቱ መጠቅለያ ላይ የማተም መብት አገኘ፣ ቺፕስ ሆኖ በጥቅል መሸጥ የተጀመረውም ከዛ በኋላ ነው። ከዛ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ፣ ከማሳቹሴትስ የዘመቱ ወታደሮች ከቤታቸው በጥቅል የሚላክላቸውን ኩኪስ ለሌላው ያካፍላሉ፣ የሌላው ክፍለ ሀገር ልጅ ደግሞ ለእናቱ "ይሄን ላኪልኝ" ብሎ ይጽፋል፣ አገሩን ያዳረሰው እንዲህ ነው። ምግብ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ ተቃጠለ። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ ማሳቹሴትስ በሕግ የክፍለ ሀገሩ ኩኪስ ይሁን ብሎ አጸደቀው፣ ሐሳቡን ያቀረቡት የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። የልጅ ልጆችዎ ጓደኞች ማለት ነው።

አሁን ለምን ይወዱታል። ሰው ሁሉ ቸኮሌቱ ነው ይላል፣ እኔ አይመስለኝም። ቸኮሌቱን አውጥተው ሊጡን ብቻ ቢጋግሩት ያልቃል፣ ቸኮሌቱን ብቻ ቢሰጧቸው ግን እንዲህ አይሻሙም። ፍቅሩ ያለው ቅቤና ስኳሩ ላይ ነው፣ በተለይ ጨው ሲነካው። ሊጡ ሲሞቅ፣ 140 ዲግሪ ገደማ ካለፈ በኋላ፣ የእንቁላሉና የዱቄቱ ፕሮቲን ከስኳር ጋር ተያይዞ ይቀላል፣ ቡና ሲቆላ ቤቱን የሚያውደው ነገር በከፊል ይሄው ነው፣ የዳቦ ቅርፊትም የስጋ ጥብስም እንደዛው። ሶዳው ደግሞ ይሄን መቅላት ያፋጥነዋል። ስለዚህ ልጆቹ ገና ሳይቀምሱት በጠረኑ ተይዘዋል።

ሌላው፣ አንድ ኩኪስ ውስጥ ብዙ ነገር አለ። ዳሩ ቀጭ ይላል፣ መሃሉ ይለመጣል፣ ቸኮሌቱ ደግሞ 34 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ አፍ ውስጥ ሲገባ ራሱ ይፈሳል፣ የአፋችን ሙቀት 37 ነውና። አንዱ ጉርሻ ቸኮሌት ይበዛዋል፣ አንዱ ጨው ይሰማበታል፣ ቀጣዩን ለማየት ሌላ ይነሳል። ሐልዋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው፣ ውበቱም እሱ ነው፣ ቀስ ተብሎ ከቁጢ፣ ከቡና ቅጠል ሻይ፣ ጋር የሚበላ፣ የሰርግ የዒድ ማዕረግ ያለው። ልጅ ደግሞ ቀስ ማለት አያውቅም።

እና ደግሞ አባቴ እውነቱን እንነጋገር፣ ሐልዋ ሲማሰል የሚውል ክንድ ይፈልጋል፣ ልጆች ድስቱ አጠገብ ይጠጉ ቢባል እንኳ እሳቱ ያስፈራል። ኩኪስን ግን ራሳቸው ያድበለብሉታል፣ በኦቨኑ መስታወት ተጎንብሰው ሲያብጥ ያያሉ፣ በአስር ደቂቃ እጃቸው ላይ ነው። ሰው የሰራውን ይወዳል። ለሚቀጥለው ዒድ ሐልዋውን ሲያሰሩ ልጆቹን ጠርተው ትሪ ላይ ገልብጠው ዘርግተው ራሳቸው ይቁረጡት፣ ከዛ በኋላ ማን ፊቱን እንደሚያዞር እናያለን። ኩኪሱን ደግሞ እርስዎ አንድ ጊዜ ትኩሱን ይቅመሱት፣ የቀመሱት አድሮ የደረቀ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ሰርቼ ከዚራ ያሉ ካፌዎች ለመሸጥ አስቤያለሁ፣ ግን በሁለተኛው ቀን ይደርቃል። ምን ላድርግ? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

መልስ፦ የጋገርከውን አታከማች፣ ሊጡን ነው ማከማቸት ያለብህ። አድበልብለህ ፍሪዘር ውስጥ በትሪ አጠንክረህ በላስቲክ ሰብስበው፣ ወር ቢቆይ ምንም አይሆንም፣ ጠዋት ጠዋት የታዘዘውን ብቻ ከነቅዝቃዜው አውጥተህ ጋግር፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ይጨምራል እንጂ ያው ነው፣ እንደውም ከፍሪዘር የወጣው አይንጣለልም። የተጋገረው ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ዕቃ ውስጥ አትክደነው፣ በላቡ ይረጥባል። ከቀዘቀዘ በኋላ አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ከአንድ ቁራጭ ዳቦ ጋር ካደረግከው ኩኪሱ የዳቦውን እርጥበት እየወሰደ ሁለት ሦስት ቀን ለስላሳ ይሆናል፣ ዳቦው ሲደርቅ ቀይረው። ዋጋ ስትተምን ቅቤና ቸኮሌቱን ብቻ አትቁጠር፣ መብራቱን፣ ላስቲኩን፣ ባጃጁን፣ የተሰበረውንና ለጓደኛ የሄደውን ሁሉ ደምር። ካፌው በዱቤ ስጠኝ ካለህ በሳምንት የሚከፍል መሆኑን በጽሁፍ ያዝ፣ መጀመሪያ ላይም ከአንድ ካፌ በላይ አትያዝ።